ለልጆች ባለምዕራፍ መጽሐፍ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለምዕራፍ መጽሐፍ ስል፣ ፊደል የጨረሰ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ማንም ሳያነብለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚይዘውን መጽሐፍ ማለቴ ነው። ብቻውን የምትለዋን ያዙልኝ፣ እኔ የሠራኋቸውም ሌሎች ረቂቅ ሲያሳዩኝ የማያቸውም ስህተቶች አብዛኞቹ እሷን ከመርሳት ነው የሚመጡት።

ትልቁ ስህተት ለጆሮ መጻፍ ነው። እኛ ተረት የሰማነው በጆሯችን ነው፣ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» እያልን ነው ያደግነው፣ ቃሉን የሚያጠብቁትም የሚያላሉትም እሳቸው ነበሩ። ወረቀት ላይ ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የመጀመሪያ ረቂቄን ለእህቴ ልጅ ሰጥቻት ጮክ ብላ ስታነብ «ገና አልመጣም። ኳሱን ይዞ ነው የሚመጣው» የሚል ቦታ ደረሰች። ገናን አጥብቃ የበዓሉን ገና አደረገችው፣ ኳሱ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ጣቷን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ሞከረች፣ ከዛ ቀና ብላ አየችኝ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። «ማቲ እስካሁን አልመጣም» ብዬ ቀየርኩት፣ አለቀ። «ዋና»ም እንደዛው ነው፣ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ዋናና የዋናው በር ዋና አጻጻፋቸው አንድ ነው። አዋቂ ከአገባቡ ይለየዋል፣ ልጅ ግን ፊደል በፊደል እየለቀመ ስለሆነ ፍንጩ ከቃሉ በፊት ካልመጣለት ይወድቃል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ግሱ እስኪመጣ ልጁን ማስጠበቅ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እኛ ደሞ መሀሉን እንሞላዋለን። «ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎረቤታቸው የሰጡትን ከኋላው እየተከተለ የሚጮኸውን ቡችላ አቀፈው» ብላችሁ ስትጽፉ ልጁ «አቀፈው» ጋ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። «ማቲ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነው። ጎረቤታቸው የሰጡት ቡችላ ይከተለዋል። ይጮኻል። ማቲ ጎንበስ ብሎ አቀፈው።» በቃ፣ ምንም የጎደለ ነገር የለም።

አዋቂ መጥቶ ችግሩን እንዲፈታ አታድርጉ። የጠፋውን በግ አባት ካገኘው ልጁ እስከዛ ድረስ ለምን አነበበ? መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ልጆች፣ ታላላቆቻችንን እናክብር» ማለትም ያው ነው፣ የሚጻፈው መጽሐፉን ለሚገዛው ወላጅ ነው፣ ልጁ ታሪኩን በደንብ ከኖረው ራሱ ይገባዋል።

የዜና አማርኛም ተዉ እባካችሁ። ብይ የሚጫወቱ የ8 ዓመት ልጆች «በመሆኑም» «ከዚህም በተጨማሪ» አይባባሉም፣ «ውሸታም! አይቼሃለሁ!» ነው የሚባባሉት። ሰፈር ወጥታችሁ እቃቃና ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱትን አዳምጡ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አላገኘሁም።

ምዕራፍ አታስረዝሙ፣ ከመኝታ በፊት አንዴ ተቀምጦ የሚያልቅ ይሁን፣ እኔ ከ800 ቃላት አላሳልፍም። በሩ ሲንኳኳ ምዕራፉን ዝጉት፣ ማን እንደመጣ ነገ ያንብበው። ፊደልም አታቀያይሩ፣ 3ኛው ገጽ ላይ «ፀሐይ» 9ኛው ላይ «ጸሀይ» ካላችሁ ለልጁ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ ውጭ ሀገር ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩ ልጆች የምትጽፉ ደሞ አደራ፣ የ10 ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ወፍራም መጽሐፍ እያነበበ አማርኛው ገና አንደኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። አረፍተ ነገሩን አቅልሉለት፣ ታሪኩን ግን የሕፃን አታድርጉበት፣ ይሰማዋል።

የመጨረሻው ወደ ማተሚያ ቤት መሮጥ ነው። አንዴ በ14 የፊደል መጠን ያስረከብኩትን ጽሑፍ ወረቀት ለመቆጠብ ብለው አሳንሰው አተሙብኝ፣ የናሙና ገጽ ሳላይ ከፍዬ ስለነበር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ናሙናውን በእጃችሁ ያዙ። ከዛም በፊት ረቂቁን ለ3 ልጆች ስጡና ከጎናቸው ቁጭ በሉ፣ አትርዷቸው፣ ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ማታ ተቀምጣችሁ እሱን አስተካክሉ።