ረዳት ውሻ ማሰልጠን የሚጀመረው ከመዳፍ ነው

አሜሪካ የምትኖሩ፣ አካል ጉዳት ላለበት የቤተሰብ አባል ረዳት ውሻ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ውሻውን ራሳችሁ እንድታሰለጥኑ ይፈቅዳል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው «የምስክር ወረቀት» በሕጉ ፊት ዋጋ የለውም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መዳፋችሁን ከውሻው አፍንጫ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ። ሊያሸት መጥቶ በአፍንጫው ሲነካችሁ ወዲያው «ጎሽ!» በሉና ቁራሽ የተቀቀለ ዶሮ ስጡት። ወዲያው መሆኑን አደራ! ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። (ከወጥ ላይ ግን አታንሱለት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።)

መዳፋችሁን ባየ ቁጥር ሳያመነታ መንካት ሲጀምር፣ እዚያው ላይ ትንሽ ካርቶን ለጥፉ። ቀጥሎ ካርቶኑን ወደ ግድግዳ፣ ከዚያ ወደ አውቶማቲክ በር መክፈቻው ቁልፍ አዛውሩት። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው በር የሚከፍተው ያው ንክኪ ነው።

ልምምዱ በአንዴ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ሳይሰለቸው አቁሙ። እባካችሁ ዱላና ጩኸት አይግባበት። የፈራ ውሻ ሰው በበዛበት ቦታ ተረጋግቶ ባለቤቱን ሊረዳ አይችልም።