የእጅ አንጓ አጥንቶችን በማስታወሻ ዘዴ ማጥናት

የእጅ አንጓን 8 ትናንሽ አጥንቶች በቅደም ተከተል ለመያዝ «ሳራ ሎሚ ትታ ፓፓያ ተሸክማ ትናንት ካፌ ሄደች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይጠቀሙ፤ የቃላቱ መነሻ ድምፆች በመጀመሪያ ወደ ክርን የቀረቡትን ስካፎይድን፣ ሉኔትን፣ ትራይኩዌትረምንና ፒሲፎርምን፣ ቀጥሎም ወደ ጣቶች የቀረቡትን ትራፒዚየምን፣ ትራፒዞይድን፣ ካፒቴትንና ሃሜትን ያስታውሳሉ። ሁለቱም ረድፎች የሚቆጠሩት ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ ጣት ነው። ሦስቱ «ት»ዎች በእርግጥ ያደናግራሉ፤ ስለዚህ አውራ ጣትን የሚሸከመው ትራፒዚየም መሆኑን ለብቻው ማጥናት ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩ ተራን እንጂ ቦታን ስለማያስተምር፣ ስሞቹን እየጠሩ የራስዎን አንጓ ይዳስሱ፤ ለምሳሌ ፒሲፎርም በመዳፍ በኩል፣ በትንሿ ጣት አቅጣጫ እንደ ጉብታ ይዳሰሳል። ከክርን እስከ አንጓ ላሉት ሁለት የክንድ አጥንቶች፣ ለራዲየስና ለአልና ደግሞ፣ ራዲየስ ከአውራ ጣት ጋር «ራ»ን እንደሚጋራና በዚያው ወገን እንደሚገኝ ማስታወስ ይበቃል፤ አልና በሌላው ወገን ነው።