ፔትሮቪች የተባሉ ሰርቦችን ሳያምታቱ መዘርዘር

በአንድ የቤተሰብ ስም የሚጠሩ ታዋቂ ሰርቦችን ዝርዝር ማዘጋጀት የሚከብደው ስሙ እንደ ፔትሮቪች የበዛ ሲሆን ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ጭምር አንድ የሆኑ ታዋቂ ሰዎች አሉበት፤ ሰርብ ሳይሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡም አይጠፉም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አጻጻፉን አስቀድመው ይወስኑ። ሰርብኛ በሲሪሊክም በላቲንም ይጻፋል። በላቲኑ የስሙ መጨረሻ ሲ ናት፤ አናቷ ላይ ጭረት አለባት፣ ድምፅዋም ወደ «ች» ይጠጋል። የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጭረቷን ስለሚጥሏት «ፔትሮቪክ» የሚል አጻጻፍ ወደ አማርኛ ይገባል፤ እርስዎ «ፔትሮቪች» ብለው ይጽኑ። መረጃ ሲፈልጉ ግን በሲሪሊክ፣ ጭረት ባለው ላቲንና ጭረት በሌለው ላቲን ለየብቻ ይሞክሩ፤ የሚወጣው ውጤት ይለያያል። ጄ የምትባለው የላቲን ፊደልም በሰርብኛ «የ» ሆና ስለምትነበብ፣ ዮቫኖቪች እንጂ ጆቫኖቪች አይጻፍ።

«ፔትሮቪቻ» የሚል የጎዳና ስም ቢያዩ ሌላ ቤተሰብ አይምሰልዎ። የወንድ የቤተሰብ ስም «የእገሌ» ለማለት መጨረሻው ይለወጣል። የሴት ግን እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚለወጠው የራሷ ስም ነው፦ ሠዓሊዋ ናዴዥዳ ፔትሮቪች በጎዳና ስም ላይ «ናዴዥዴ ፔትሮቪች» ትሆናለች። ሴት ስለሆነች «ፔትሮቫ» ብሎ መጻፍ የሩሲያን ልማድ ወደ ሰርቢያ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት በመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሁለተኛ ስም ቢኖራቸው ወንድማማች ናቸው አንልም። የሰርቡ የቤተሰብ ስም ከትውልድ ትውልድ ስለሚወረስ አንባቢ ዝምድና ለመገመት ይቸኩላል፤ ግን ያም አያስኬድም። ፔትሮቪች «የፔታር ልጅ» ከማለት የመጣ ስለሆነ፣ ፔታር የሚባል አያት የነበራቸው የማይዛመዱ ብዙ ቤተሰቦች ይዘውታል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ደግሞ ስሙ በየትውልዱ ሊለወጥ ይችል ነበር። በ1804 የተነሣውን አመፅ የመራው ጆርጄ ፔትሮቪች አባቱ ፔታር ነበር፤ ዘሮቹ ግን ካራጆርጄ ከሚለው ቅጽሉ ተነሥተው ካራጆርጄቪች ተባሉ፣ በዚያው ስም ነገሡ። ስለዚህ እሱን ፔትሮቪች ሥር፣ ልጆቹን ሌላ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። በአንጻሩ ናዴዥዳ (1873–1915) እና ጸሐፊው ራስትኮ ፔትሮቪች (1898–1949) በእርግጥ እህትና ወንድም ናቸው። ዝምድናን የሚጽፉት እንዲህ የተረጋገጠ ሲሆን ብቻ ነው።

ስማቸው ሙሉ በሙሉ የሚገጥመውን በትውልድ ዓመትና በሙያ ይለዩ። ሚሃይሎ ፔትሮቪች ሲባል አንዱ በ1894 በፓሪስ ዶክትሬቱን ያገኘው የቤልግሬዱ የሒሳብ ሊቅ ነው (1868–1943)፤ ሌላው በ1957 ተወልዶ በጃፓን ሳንፍሬቼ ሂሮሺማንና ኡራዋ ሬድስን ያሠለጠነው የእግር ኳስ ሰው ነው። አሌክሳንዳርም እንዲሁ፦ በ1967 በካን ፌስቲቫል የተሸለመው የፊልም ዳይሬክተር (1929–1994) ሰርብ ሲሆን፣ በ1959 የተወለደው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ክሮኤሽያዊ ነው። «የቀይ ኮከብ አሠልጣኝ የነበረው ፔትሮቪች» የሚል መግለጫም አይበቃም፤ በ1991 ከዚህ የቤልግሬድ እግር ኳስ ክለብ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው ሊዩፕኮ ነው፣ ቭላዲሚርም በኋላ ያንኑ ክለብ አሠልጥኗል።

ሰርቦች ራሳቸው ይህን የሚፈቱት በቅጽል ስም ነው። የሒሳብ ሊቁ ወንዝ ላይ ዓሣ ያጠምድ ስለነበር «አላስ» ይሉታል፤ ቭላዲሚር «ፒዦን» ነው፤ ኮሜዲያኑ ሚዮድራግ ፔትሮቪች (1924–2003) «ችካልያ»። ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሠለጠነውን ስሬዶዬቪችን እኛም «ሚቾ» ብለን አይደል የምናውቀው? ቅጽሉን ከቤተሰብ ስሙ ቀጥሎ ይጻፉ እንጂ አይጣሉት። በመዝገብ ላይ ደግሞ በስምና በቤተሰብ ስም መካከል የአባት ስም ወይም የመጀመሪያ ፊደሉ ይገባል፤ ካገኙት እንደ ወርቅ ይያዙት፣ ሁለተኛ የቤተሰብ ስም አድርገው ግን አይቁጠሩት።

ማን ሰርብ ነው የሚለውን በትውልድ ቦታ ብቻ አይወስኑ። ዳይሬክተሩ አሌክሳንዳር የተወለደው ፓሪስ ነው። የዩጎዝላቪያ ማልያ መልበስም ማስረጃ አይሆንም፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ድራዠን ፔትሮቪች (1964–1993) ለዩጎዝላቪያ ተጫውቷል፣ ግን የክሮኤሽያዋ ከተማ የሺቤኒክ ልጅ፣ የክሮኤሽያም ኮከብ ነው። በዝርዝሩ ግርጌ «ሰርብ ያልሆኑ» ብለው ቢያስቀምጡት አንባቢ ፈልጎ አያጣውም። የሞንቴኔግሮ ገዢ የነበረውን ባለቅኔ ፔታር ሁለተኛ ፔትሮቪች-ኔጎሽን (1813–1851) ሰርቦችም ሞንቴኔግሮአውያንም የኛ ነው ይላሉ። ከነሰረዙ ለብቻው በተለየ ንዑስ ርእስ ቢገባ ይሻላል፤ ስሙ በሰረዝ የተጣመረ የሥርወ መንግሥት ስም ነውና ከተራው ፔትሮቪች ጋር መደባለቁ ስሕተት ነው።

ቅደም ተከተሉን በመጀመሪያ ስም በሀሁ ያድርጉ፣ ስሙ ሲገጥም በትውልድ ዓመት፦ «ሚሃይሎ ፔትሮቪች አላስ (1868–1943)፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ቤልግሬድ»። ቀን የሚጨምሩ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ሰርቢያ እስከ 1919 በጁልያን አቆጣጠር ትሠራ ነበርና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልደት 12 ቀን ወደኋላ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የአላስ ልደት አንዱ ጋ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 24፣ ሌላው ጋ ሜይ 6 የሚሆነው ለዚህ ነው። አዲሱን ይጻፉ፣ አሮጌውን በቅንፍ።