በአሻራ፣ በፊትና በእንቅስቃሴ የሚሠሩ መሣሪያዎች ማንንም እንዳያገልሉ፤ ከግዥ እስከ ሙከራ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛው መግቢያ ሰዓትም ሆነ የባለጉዳዩ ማንነት በጣት አሻራ ወይም በፊት ምስል መረጋገጡ እየተለመደ መጥቷል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለሚገዙና ለሚተክሉ ሰዎች ነው።

መነሻው አንድ ደንብ ነው። ኢኤን 301 549 የተባለው የአውሮፓ የተደራሽነት ደረጃ፣ ማንነትን ለማረጋገጥም ሆነ መሣሪያን ለማዘዝ አንድን የተወሰነ የአካል መለያ (ለምሳሌ የጣት አሻራን) ብቸኛ መንገድ ማድረግን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው፣ ክፍል 508 የተባለው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የቴክኖሎጂ ተደራሽነት ደረጃም ተመሳሳይ ክልከላ አለው፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ የአካል መለያዎች በአማራጭነት ከቀረቡ በቂ ነው ይላል። በእኔ እምነት ይህ ልዩ ሁኔታ ለእኛ አገር አይበቃም። ሥጋ ደዌ ጣትንም ዓይንንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ አሻራው ያልተነበበለትን ሰው ወደ ዓይን ብሌን ማንበቢያ መላክ ከአንዱ ዝግ በር ወደ ሌላው መምራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአማራጮቹ ቢያንስ አንዱ ከአካል ጋር ያልተያያዘ፣ ማለትም ካርድ ወይም የሚስጥር ቁጥር ይሁን። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል።

ሥራው የሚጀምረው ከጨረታ ሰነዱ ነው፤ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ማስተካከል ውድ ነው። በቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ የሚከተለውን ማስፈር ይቻላል፦ «መሣሪያው ከጣት አሻራ በተጨማሪ በካርድና በሚስጥር ቁጥር የሚሠራ፣ ተጠቃሚውም ከእነዚህ የመረጠውን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ በየዕለቱ መጠቀም የሚችል መሆን አለበት።» የመጨረሻው ሐረግ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ በየጠዋቱ ኃላፊ ፈልጎ ማስፈቀድ የሚጠይቅ አማራጭ አማራጭ ሊባል አይችልም። የፋይዳ ምዝገባ የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች ብሌንና የፊት ምስልን የሚወስድ ሆኖ ሳለ፣ አገልግሎት ሰጪው ተመልሶ በአንድ አውራ ጣት ብቻ ማረጋገጫ ቢጠይቅ፣ በድንጋይ ጠረባና በሲሚንቶ ሥራ አሻራቸው የተፋቀ ሰዎችንም ያገላል።

ወደ ተከላው ስንመጣ፣ በእጅ የሚነካው ክፍል ከወለሉ ከ122 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሆን የአሜሪካ ደረጃ ይደነግጋል፤ ካሜራውም በዊልቸር የተቀመጠን ሰው ፊት መያዝ አለበት። ቁጥር መምቻው ለስላሳ መስታወት ከሆነ ዓይነ ስውር ሰው ቁልፎቹን በዳሰሳ መለየት ስለማይችል፣ ከፍ ከፍ ያሉ ቁልፎች ያሉትና 5 ቁጥር ላይ ነጥብ ያለበት ይመረጥ። መሣሪያው መቀበሉንም ሆነ አለመቀበሉን በድምፅም በብርሃንም ያሳውቅ።

በእጅ ውዝዋዜ ወይም ስልክን በመነቅነቅ ለሚታዘዙ መተግበሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ግልጽ መለኪያ አለው፦ በእንቅስቃሴ የሚከናወነው ተግባር በተራ ቁልፍም መከናወን አለበት፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳያስበው ትእዛዝ እንዳይሰጥም የእንቅስቃሴ ምላሹ የሚጠፋበት መንገድ ሊኖር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዚሁ መመሪያ 2.2 እትም ደግሞ፣ መጎተቱ የግድ ካልሆነ በስተቀር በመጎተት የሚሠራ ነገር ሳይጎተት በመንካት ብቻ እንዲሠራ ይጠይቃል።

ርክክብ ከመፈረሙ በፊት እንደ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ባሉ ማኅበራት በኩል የተለያየ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች መሣሪያውን እንዲሞክሩት ይጋበዙ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው። ሙከራው ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ ይከናወን፤ መሣሪያው ያልተቀበለውን ሰው «ነገ ይመለሱ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የቆመው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠሩ ከሁሉም አስቀድሞ ሊሠለጥን የሚገባው እሱ ነው።