ቀለሁ አልወጣ ሲል፦ ቤት ውስጥ የሚሞላ የማግነም ጥይት ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ የሽጉጥ ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት፣ ማለትም የተተኮሰን ቀለህ በአዲስ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቂጡ ላይ ያለ ቁራጭ)፣ ባሩድና አረር እንደገና መሥራት፣ የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። (ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የምጽፈው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ላላችሁ ነው።) እኔ ጋራዥ ውስጥ .357 ማግነምና 10 ሚሊ ሜትር እሞላለሁ፤ ሁለቱም ግፊታቸው ከፍ ያለ የሽጉጥ ጥይቶች ናቸው። ለማነጻጸር፣ በአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደረጃ .45 ኤሲፒ የሚባለው የሽጉጥ ጥይት የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 21,000 ፓውንድ ነው። የ.357 ማግነም 35,000፣ የ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 37,500 ነው። እዚህ ትንሽ ስህተትም ዋጋ ያስከፍላል።

ቀለሁ ከሪቮልቨሩ አልወጣም አለ

በሪቮልቨር (ጥይቱን ሲሊንደር በሚባል ተሽከርካሪ ክፍል የሚይዝ ሽጉጥ) ተኩሳችሁ ማስወጫውን ስትገፉ በጣት ካልወጣና መዶሻ ካማራችሁ፣ እዚያው አቁሙ። ናስ በግፊት ይለጠጣል፣ ከዚያ መለስ ይላል። ግፊቱ ሲበዛ ግን አይመለስም፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።

ቆሻሻም እንዲህ ያደርጋል። ለመለየት መጀመሪያ ሽጉጡ አለመሰንጠቁንና አለማበጡን እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ለባለሙያ አሳዩ። ደህና ከሆነ ሲሊንደሩን አጽዱና የፋብሪካ ጥይት ሞክሩ። እሱ በቀላሉ ከወጣ ጥፋቱ የእናንተ ሙሌት ነው። «የቀሩትን ልጨርስና» አይባልም። አረሩን ነቅላችሁ ባሩዱን አውጡ፤ ከዚያ የሙሌት መመሪያ መጽሐፉ ካስቀመጠው የመነሻ መጠን እንደገና ጀምሩ። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ዜሮ ያልተደረገ ሚዛን ነው። ወይም ክብደቱ አንድ ሆኖ ቅርጹ የተለየ አረር፣ ወይም ሳይታሰብ የተቀየረ ፕራይመር።

ግፊቱ መብዛቱን ለማወቅ ብዙ ሰው የሚያየው ፕራይመሩ ተጨፍልቆ እንደሆነ ነው። እኔም ድሮ እሱን ነበር የማምነው። የሽጉጥ ፕራይመር ግን ያታልላል። ለስላሳው በደህና ግፊትም ይጨፈለቃል፣ ጠንካራው ግፊቱ አልፎም ክብ ሆኖ ይታያል።

«ጧ» ሳይሆን «ፖክ» አለ

ቃታውን ልቀቁ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁ። ከዚያ ጥይቱን በሙሉ አውጥታችሁ በርሜሉ ውስጥ ዘንግ ስደዱ። አረር ተቀርቅሮ ይሆናል። በላዩ ሌላ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። በናስ ዘንግ ቀስ ብሎ መምታት፣ ካልሆነ ለባለሙያ መስጠት ነው።

አንዱ ሰበብ ባሩድ ያልገባበት ቀለህ ነው። እየሞላችሁ ስልክ ጠራ፣ ልጅ ገባ፣ አንዱ ታለፈ። ስለዚህ አረር ከመግጠማችሁ በፊት 50ውንም መደርደሪያው ላይ አቁማችሁ በባትሪ እዩ። ሁለቴ የተሞላውም በዚያው ይጋለጣል። ሁለቴ ሲሞላ ሞልቶ የሚፈስ፣ የቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚይዝ ባሩድ ብትመርጡ ደግሞ ይበልጥ ትገላገላላችሁ።

ሌላም ሰበብ አለ፤ ይሄኛው ያስገርማል። «ለጥንቃቄ ብዬ ባሩዱን ቀነስኩ» የሚል ሰው አለ። ኤች 110ና ደብሊው 296 የሚባሉት ባሩዶች ሲቀነሱ በደንብ አይነድዱም። አምራቹ ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ይላል። ቀለል ያለ ጥይት ከፈለጋችሁ ባሩዱን ቀይሩ እንጂ መጠኑን አትንኩ።

አረሩ ወደ ውስጥ ገባ

ይህ የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጣጣ ነው። አንዱን ጥይት ደጋግማችሁ ስታጎርሱት አረሩ ይሰምጣል፣ ቦታው ይጠባል፣ ግፊቱ ይዘላል። የጥይቱን ርዝመት በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ለኩ፣ አረሩን ጠረጴዛ ላይ በአውራ ጣት ኃይል ገፋ አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩ። ካጠረ ቀለሁ አረሩን አልያዘውም፤ የቀለሁን አፍ የሚያሰፋው መሣሪያ ከልክ በላይ ከፍቶታል ማለት ነው። «አፉን አጥብቄ ልቆንጥጠው» ማለት ያባብሰዋል። አረሩ ይጨመቃል፣ ናሱ ይመለሳል፣ ያው ልል ነው።

ሪቮልቨር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በእርግጫው አረሩ ወደ ፊት ይወጣና ሲሊንደሩን ይቆልፋል። እዚህ የቀለሁ አፍ አረሩ ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ በደንብ መታጠፍ አለበት። ስድስት ሙሉና አምስት ተኩሱ፣ ስድስተኛው መርዘሙን ለኩ።

በሁለተኛው ምት ብቻ የሚተኮስ

ፕራይመሩ ጠልቆ አልተቀመጠም። ፕራይመሩ የሚገባበትን ጎድጓድ አጽዱ፤ ፕራይመሩ ጣት ሲዳስሰው ከቀለሁ ቂጥ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ከቂጡ በላይ ያበጠ ቀለህ

አይጠገንም። እኔ በፒንሳ ጨፍልቄ ነው የምጥለው። ካልጨፈለቅኩት ሌላ ቀን ራሴው ከወለሉ አንስቼ እሞላዋለሁ።