123,456,789 ፕራይም ነው? ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ቆሮሶ እየጠበቅን ነው። ጓደኛዬ የዋይፋዩን ፓስወርድ ጠየቀ። አስተናጋጇ ሳቅ ብላ «ከአንድ እስከ ዘጠኝ» አለችው። ዓሣው ስለዘገየ ክርክር ተነሳ፤ 123,456,789 ፕራይም ነው ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው? በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሳሳት የሚቻለውን ሁሉ ተሳሳትን።

አንደኛው መጨረሻውን አይቶ መፍረድ ነው። «በ9 ነው የሚያልቀው፣ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ ፕራይም ነው» አለ አንዱ። ጎዶሎ መሆኑ ለ2 እንደማይካፈል ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ለ3 እና ለ9 ከሆነ አሃዞቹን ደምሩ። ድምሩ 45 ነው፣ 45 ለ9 ይካፈላል፣ ቁጥሩም እንደዚያው። እንዲያውም ዘጠኙን አሃዞች እንዳሻችሁ ብታቀያይሯቸው ድምሩ ያው 45 ስለሆነ ፕራይም የሚባል አይወጣችሁም።

ይቺን ዘዴ የቀመሰ ሰው ታዲያ ለ7ም ሊሞክራት ይፈልጋል። አትሞክሩ። 16ን እዩት፣ 1 ሲደመር 6 ሰባት ነው፣ 16 ግን ለ7 አይካፈልም። ዘዴው ለ9 የሚሠራው 10ም፣ 100ም፣ 1,000ም ለ9 ሲካፈሉ ሁሌ 1 ስለሚተርፍ ነው።

እኔ የወደቅኩት ቶሎ በማቆም ነው። ቁጥሩን ለ9 ስናካፍለው 13,717,421 ይመጣል። ለ7፣ ለ11፣ ለ13 እያልኩ መቶ አካባቢ ስደርስ ደከመኝና «በቃ፣ ይሄኛው ፕራይም ነው» አልኩ። የት እንደምናቆም የሚወስነው ግን ድካም ሳይሆን ስኩዌር ሩት ነው፤ አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉምና ቢያንስ አንዱ ከዚያ ሳይበልጥ መገኘት አለበት። የዚህኛው ስኩዌር ሩት 3,703 ከምናምን ነው። ትንሹ አካፋይ የት ተደብቆ ነበር? 3,607 ላይ! ከ500 በላይ ፕራይሞች ተሞክረው ካለቁ በኋላ፣ በሩ ጋ ማለት ነው። ጥንዱ 3,803 ነው። እኔ ገና መቶ ላይ ነበርኩ።

ካልኩሌተርም አትመኑ። ከጎረቤት ሱቅ የተዋስነው 8 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ 9ን አልቀበልም ብሎ 12,345,678 ላይ ቆመ፣ ጓደኛዬ ሳያስተውል «ለ2 ይካፈላል!» ብሎ ጮኸ። ስልክም ቢሆን ያው ነው። 987,654,321ን ለ123,456,789 ስታካፍሉ 8.00000007 ምናምን ያሳያችኋል። ያቺን ጭራ ንቃችሁ «ልክ 8» እንዳትሉ፣ ቀሪው 9 ነው።

በመጨረሻ አካፋዮቹን ቆጠርን። 3፣ 3፣ 3,607፣ 3,803፤ «አራት» ተባለ። እነዚህ ግን መሥሪያዎቹ ናቸው። 3ን ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መውሰድ ይቻላል፣ ሌሎቹን ደግሞ መውሰድ ወይም መተው። 3 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ2፣ 12። ቆሮሶው ሲመጣ አሥሩን ጽፈን ሁለቱ ጠፍተውብን ነበር፤ ለካ የረሳነው 1ን እና ራሱን 123,456,789ን ነው።