ቀለበት ማጥበቅ ሞላ አይቀይርም፦ ከባድ ነጂዎች የሚደጋግሟቸው የሳስፔንሽን ስህተቶች

አንድ ወጣት ሞተሩን እየገፋ መጣ። «ጋሼ፣ ኋላው እየመታ ወገቤን ጨረሰው። የሚጠብቀውን ሁሉ አጥብቄያለሁ፣ ከዚህ በላይ አይሄድልኝም» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። የኋላ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያለው የሞላ ማጥበቂያ ቀለበት ጥርሱ እስኪያልቅ ወርዷል፣ የፊትም የኋላም ክሊከሮች (የውስጡን ዘይት ፍሰት የሚያጠቡና የሚያሰፉ፣ ሲዞሩ «ክሊክ» የሚሉ ማስተካከያዎች) ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ልጁ ከነትጥቁ 100 ኪሎ ነው። ብዙዎቹ የአፈር ሞተሮች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ከ75 እስከ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው ታስቦ ነው ሞላ የሚገባላቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ መቁጠር ስለተውኩ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ቀለበቱን አጥብቆ «ሞላው ጠነከረ» ማለት

ስህተቶቹን ሁሉ የሚወልደው ይሄ ስለሆነ ታገሱኝ።

ሳግ የምንለው ሞተሩ ጎማው ተንጠልጥሎ ከነበረበት ከፍታ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲቆም የሚሰምጠው ባዶ ሳግ፣ ነጂው ሲወጣበት የሚሰምጠው ደግሞ የነጂ ሳግ ይባላል። የኋላ ጎማው 300 ሚሊሜትር ገደማ በሚጫወት ሞተር ላይ የነጂው ሳግ 100–105፣ ባዶው ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ቢሆን ደግ ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ልክ ከሰጠ መመሪያውን ያዙ።

የልጁን ሞተር ቀለበቱን ወደ ፋብሪካው ቦታ መልሼ ለካሁት። ባዶ ሳግ 38፣ የነጂ ሳግ 122። ሰምጧል። ከዚያ እሱ እንዳደረገው አጠበቅኩት፦ የነጂው 103 ሆነ። «አየህ፣ ተስተካከለ!» አለኝ። ባዶውን ለካሁለት፤ 16 ሚሊሜትር። «እሱስ?» ስለው ዝም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ሞላውን ቀድሞ ይጫነዋል እንጂ ሌላ ሞላ አያደርገውም። 42 ኒውተን በሚሊሜትር የሆነ ሞላ፣ ቀለበቱ የትም ይሁን፣ አንድ ሚሊሜትር በተጨመቀ ቁጥር ያው 42 ኒውተን ነው የሚጨምረው። ያገኛችሁት ኋላው ከፍ ያለ፣ ግን ያው ለስላሳ የሆነ ሞተር ነው። ዝላይ ላይ እንደ ድሮው ግርጌ ይመታል። በዚያ ላይ ፍሬን ስትይዙ ኋላው ሲቀልል ጎማው ወደ ታች የሚከተልበት 16 ሚሊሜትር ብቻ ስለቀረው አፈሩን ይለቃል፣ ሾኩም ላይኛው ጫፉ ላይ ሲደርስ «ቋ» ይላል።

ሰው የሚገለብጠው ደግሞ ይሄን ነው፦ የነጂው ሳግ ልክ ሆኖ ባዶው ካነሰ ሞላው *ለስላሳ* ነው፤ ባዶው ከበዛ *ጠንካራ* ነው። «ብቻውን ሲቆም ንቅንቅ አይልም፣ እንዴት ለስላሳ ይሆናል?» ይሉኛል። ንቅንቅ የማይለው ቀለበቱ አንቆት ነዋ! ለልጁ 48 ኒውተን በሚሊሜትር የሆነ ሞላ አስገባሁለት፣ ቀለበቱንም መለስ አደረግኩት። ባዶ 31፣ ነጂ 107። ትንሽ ነካ ሳደርገው 105 ላይ ተቀመጠ። አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ «ይሄ የኔ ሞተር ነው?» አለኝ።

ክሊከር ክብደት እንዲሸከም መጠበቅ

ዘይት ክብደት አይሸከምም። ዳምፒንግ፣ ማለትም ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ የሾኩን እንቅስቃሴ መግታቱ፣ የሚሠራው ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ላይ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ የሚይዛችሁ ሞላው ብቻ ነው። የኮምፕሬሽን ክሊከሩን (ሾኩ ሲጨመቅ የሚገታውን) ጥርቅም አድርጋችሁ ስትዘጉ ሞተሩ ለትንሽ ጠጠር እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ እጃችሁ ይደነዝዛል፣ ትልቁ ጉድጓድ ላይ ግን ያው መምታቱ አይቀርም።

ሲዘጉም እንደ ብሎን አታጥብቁት። ውስጡ ቀጭን መርፌ አለ፣ በካቻቢቴ ሲያስጨንቁት ይጎዳል። ቀስ ብሎ እስኪቆም ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ውጭ እየቆጠራችሁ ክፈቱ። «12 ክሊክ» ሲባል ከተዘጋው 12 ወደ ውጭ ማለት ነው። ሰው በስህተት የሚረዳው ደግሞ የከፍተኛ ፍጥነት ኮምፕሬሽን የሚባለውን ማስተካከያ ነው። ፍጥነቱ የሾኩ ዘንግ እንጂ የሞተሩ ፍጥነት አይደለም። በእግር መንገድ ፍጥነት እየሄዳችሁ ድንጋይ ብትመቱ ዘንጉ በጣም ይፈጥናል።

ሞላ ቀይሮ ሪባውንድን መርሳት

ሪባውንድ የተጨመቀው ሾክ ሲመለስ ፍጥነቱን የሚገታው ማስተካከያ ነው። ይሄንን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔም ቀላል ሰው አይደለሁም። ለራሴ ጠንካራ ሞላ ያስገባሁ ቀን ሳጉን በፍቅር ለክቼ፣ ልክ ስለመጣልኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቁልቁለት ላይ ተከታታይ ጉብታዎች ነበሩ። አንደኛው ላይ ኋላው ገፋ አደረገኝ፣ ሁለተኛው ላይ መቀመጫው ጀርባዬን መታኝ፣ ሦስተኛው ላይ በመሪው በላይ ሄድኩ። ጠንካራ ሞላ የተጨመቀበትን ጉልበት አጥብቆ ነው የሚመልሰው፤ ያንን የሚገታው ሪባውንድ ለድሮው ለስላሳ ሞላ እንደተስተካከለ ትቼው ነበር። ከ15 ክሊክ ወደ 11 ሳስገባው ሞተሩ ሰው ሆነ።

ወደ ሌላኛው ጫፍም አትሩጡ። ሪባውንዱ ከመጠን በላይ ሲዘገይ ጎማው በሁለት ጉብታ መሃል ለመመለስ ጊዜ አያገኝም፤ በየጉብታው ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሾኩ አልቆ ይደርቃል። ነጂው «ኮምፕሬሽኑ ጠነከረብኝ» ብሎ የማይመለከተውን ክሊከር ይነካል። ለመጀመሪያ ግምት መቀመጫውን በሁለት እጅ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ወደ ላይ ተወርውሮ አንድ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ፈጥኗል፤ እንደ ሊጥ ካዘገመ ዘግይቷል። ሁለትና ሦስት ክሊክ እየነኩ መንዳት ነው የቀረው።

በነጠላ ጫማ ሳግ መለካት

ቦት ጫማው፣ የራስ ቁሩ፣ የደረትና የጉልበት መከላከያው፣ የጀርባው ውሃ ሲደመር በቀላሉ ከ10 ኪሎ ያልፋል። የምትነዱበትን ለብሳችሁ ተለኩ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሞተሩን ማቆሚያ ላይ አውጥታችሁ የኋላ ጎማውን አንጠልጥሉ። ከኋላው ፔርኖ (ከጎማው መሃል ዘንግ) ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ በጠቋሚ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ሁልጊዜ የምትለኩት እዚያው ምልክት ላይ ነው። ነጂው መርገጫው ላይ ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዝውዘው፣ አንዱ ፊቱን ይያዝ፣ ሌላው ይለካ። የጎሚኒውና የኩሽኔታው ፍትጊያ ልኬቱን ስለሚያሳስት አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ ሲነሳ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ሲወርድ ለኩና መሃሉን ውሰዱ። ብቻችሁን ሆናችሁ፣ በአንድ እግር መሬት ረግጣችሁ፣ ሜትሩን በጥርሳችሁ ይዛችሁ የለካችሁትን ቁጥር አታምጡልኝ።

የሊንኬጅ ኩሽኔታ ሳይፈትሹ ሞላ መግዛት

አንድ ደንበኛ ሁለት ሞላ ገዝቶ ሁለቱም «አልሆኑም»። ሊንኬጁን (ሾኩን ከኋላው ክንድ ጋር የሚያገናኙትን ማንሻዎች) ስፈታ ግራሶ የሚባል ነገር አልነበረበትም፣ መርፌ ኩሽኔታዎቹ ዝገው ተጣብቀዋል። ሞላው ምን በወጣው! መጀመሪያ ፍቱ፣ እጠቡ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ከዚያ ለኩ።

ኋላውን ብቻ መቀየር

ገንዘብ ሲያጥር ሰው የኋላውን ሞላ ገዝቶ «የፊቱን በኋላ» ይላል። ኋላው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ሲል የመሪው ማዕዘን ቀጥ ወደ ማለት ይሄዳል፤ ሞተሩ ጥግ ላይ ቶሎ ይታጠፋል፣ ቀጥታው ላይ ሲፈጥን ግን ራሱን ይነቀንቃል። ፍሬን ሲያዝ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለቱ የሾክ እግሮች) እስከ ግርጌ ይሰግዳል። የፎርክ ሞላ በደረጃ የሚለያየው በትንሽ ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ በ0.2 ኒውተን በሚሊሜትር፤ ቁጥሯ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። የአየር ፎርክ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ሞላችሁ አየር ነው፣ የምትቀይሩትም በፓምፕ ነው፤ ግን ከመንዳታችሁ በፊት፣ ፎርኩ ቀዝቃዛ እያለ ሙሉት።

በፎርክ ዘይት ብዛት ለስላሳ ሞላን ለመሸፈን የሚሞክሩም አሉ። ዘይት ሲጨመር ከላይ ያለው አየር ያንሳል፣ ያነሰው አየር ሲጨመቅ ይጠነክራል፣ ጥንካሬው ግን የሚሰማው በጉዞው የመጨረሻ ክፍል ነው። ሞላው ልክ ሆኖ ዝላይ ላይ ብቻ ለሚመታ ፎርክ የዘይቱን ከፍታ 5 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ግሩም ነው። ለሰመጠ ፎርክ አይረዳም።

ጥቃቅኖቹ

ቀለበቱን በካቻቢቴና በመዶሻ ከማዞራችሁ በፊት ጥርሱን እጠቡ፣ መቆለፊያውን አላሉ፣ ጎማውን አንጠልጥሉ።

የፊት ጎማ ስትገጥሙ ፔርኖውን አጥብቃችሁ፣ ፎርኩን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቃችሁ፣ ከዚያ ነው የታችኞቹን መቆንጠጫ ብሎኖች የምታጠብቁት። አለዚያ ሁለቱ የፎርክ እግሮች ተጣምመው ይፋተጋሉ፣ እናንተም ክሊከር ስትነኩ ትውላላችሁ።

የፎርኩን አየር ማስተንፈሻ ፊቱ ተንጠልጥሎ እያለ ክፈቱ።

የኋላው ከፍታ ከተለወጠ ካቴናውን እንደገና ለኩ።

በአንድ ቀን ሦስት ነገር ቀይሮ «ተሻለ» የሚል ሰው የቱ እንዳሻለው አያውቅም። አንድ ነገር ንኩ፣ ያው መንገድ ላይ ንዱ፣ ጻፉ።

የሾኩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ናይትሮጅን በከፍተኛ ግፊት ታምቋል። ያንን ክዳን ቤታችሁ አትፍቱ። ይሄ ላይ ቀልድ የለኝም።

አዲስ ሞላ ካስገባችሁ ጥቂት ሰዓት ነድታችሁ ሳጉን እንደገና ለኩ፣ ጥቂት ሚሊሜትር መለወጡ አይቀርም። የወጣውን ደግሞ ቁጥሩን ጽፋችሁበት፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሞተሩን የሸጣችሁ ቀን ገዢው 75 ኪሎ ሊሆን ይችላል።